ደሜን አርጋልኝ

ጀማለዲን ሲቆጣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሱ ሦስተኛ፤ የለንደኑ ኬኒንግተን ካውንስል ቤት፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት ማለት ነው፣ ወለሉ ደግሞ ድምፅ መያዝ የሚባል ነገር አያውቅም። መስማቱስ ባልከፋ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ መለየቱ ነው ችግሩ፤ ምክንያቱም ጀማል የሚጣላው ከሰው ጋር ብቻ አይደለም። ከማይክሮዌቭ ጋር ይጣላል። አንድ ክረምት ከቤት ማሞቂያው ቦይለር ጋር ተኳርፎ ቤተሰቡ በሙሉ ካፖርት ለብሶ ሰንብቷል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ራስህ ሂሳብህን የምትከፍልበት ማሽን «ያልተጠበቀ ዕቃ አስቀምጠዋል» ብትለው፣ «ያልጠበቅሽው አንቺ ነሽ! እኔ ሽንኩርት እንደምገዛ ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ አውቃለሁ!» ብሎ በአማርኛ ጮኸባት። ጥበቃው እስከ በሩ ሸኘው፤ ሽንኩርቱም እዚያው ቀረ።

እኔ ደግፌ እባላለሁ፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ከጀማል ጋር የተገናኘነው ሁለታችንም አዲስ መጤ ስደተኞች ሆነን ኬንቲሽ ታውን ውስጥ አንድ ክፍል በደባልነት የሰጡን ጊዜ ነው። እኔ በአንዱ ጥግ ሳማትብ እሱ በሌላው ጥግ ይሰግዳል፤ የምንለምነው ግን አንድ ነገር ነበር፣ ማሞቂያው እንዲሠራ። ያኔም ደመ ፍሉ ነበር። ታክሲ መንዳት ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። የለንደንን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ በእግሩ የሚሄደው ሰውዬ ጥሎህ እየሄደ አንተ በመኪና ትከተለዋለህ። ጀማል ብስክሌተኛውን ይሰድባል፣ የመንገድ ሠራተኛውን ይሰድባል፣ ሲያልቅበት ደግሞ መንገድ የምታመላክተውን የስልኩን ሴትዮ ይይዛታል። አንድ ተሳፋሪ «ሾፌሩ ከክላፋም እስከ ኤርፖርት ከስልኩ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር፣ ያሸነፈችው ግን እሷ ናት» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶታል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እጁን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም፣ ቂምም አይዝም። ቱግ ብሎ፣ ቤቱን አናግቶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ሻይ አፍልቼልሃለሁ፣ ና ውረድ» ብሎ ይደውልልሃል። ግን ሩብ ሰዓትም በቀን አምስት ጊዜ ሲሆን ይሰለቻል። ሚስቱ ሰዓዳ ክላፋም አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ድምጿ ከተቀመጠችበት ወንበር አልፎ የማይሄድ ሴት ናት። ልጃቸው ናዲራ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ የአባቷን ጫማ ኮቴ ደረጃው ላይ ስትሰማ ክፍሏን መቆለፍ የለመደችው ገና በልጅነቷ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ያውቃል፤ ያውም ደጋግሞ። ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ዋናው ሐጂ አልአሚን፣ ሸምጋይነቱን ጡረታ ከወጡ በኋላ የያዙት ሥራ እስኪመስል ድረስ ተመላልሰዋል።

በመጨረሻ ሰዓዳ ሽማግሌ ሳትጠራ፣ እቃ ስታጥብ፣ ፊቷንም ሳታዞር፣ «ጀማል፣ እኔ ደክሞኛል» አለችው። ይሄን ብቻ። ጀማል ግን በዚያው ሳምንት ወደ ዑምራ የሚሄድ ቡድን ፈልጎ ተመዘገበ። መካ ደርሶ፣ ካዕባን ይዞ ምን እንዳለ ተመልሶ ራሱ ነግሮኛል። ሌላ ሰው ቢሆን «ትዕግሥት ስጠኝ» ይል ነበር። እናቱ በልጅነቱ በተቆጣ ቁጥር «ደምህን ያርጋልህ» እያለች ስላሳደገችው፣ እሱም «ያ አላህ፣ ደሜን አርጋልኝ» አለ። ሌላ ምንም አልለመነም። እንዲህ አድርጎ ለይቶ የጠየቀ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

እንደተመለሰ ሰሞን ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ሻንጣው ዘገየ ብሎ ኤርፖርቱን አናግቶ ነው የገባው። ወራት እያለፉ ሲሄዱ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ሥራ ሄዶ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስተውል ቤት አለ፤ ተቀምጧል። የቆሻሻ መኪናው ሳይመጣ ቀረ፤ ጀማል ዝም። ሊፍቱ ተበላሸ፤ ጀማል ዝም ብሎ በደረጃ ወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለመድረስ ሁለት ጊዜ እያረፈ። ሰዓዳ ፊቷ በራ። ናዲራ በሯን መቆለፍ ተወች፣ ሳሎን እየመጣች ከአባቷ ጎን ታጠናለች። መስጊድ ውስጥ ደግሞ «የጀማልን ዑምራ አያችሁ?» እየተባለ ምሳሌ ሆነ፤ ባሎቻቸውን ሊልኩ የፈለጉ ሁለት ሴቶች የጉዞ ወኪሉን ስልክ ከሰዓዳ ተቀብለዋል።

እኔ ግን በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ልፈትነው ተነሳሁ። ጀማል ከስድብ ሁሉ የሚጠላው አንድ ነገር ነው፤ ፈረንጅ «ካልም ዳውን»፣ ተረጋጋ፣ ሲለው። ያንን ቃል ሰምቶ ከመኪና ወርዶ ያውቃል። እና ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ምንም ሳያደርገኝ፣ እያየሁት «ካልም ዳውን ጀማል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለ። እሺ! ሻይዬን ልረጨው ምንም አልቀረኝም። ለሰፈሩ ሁሉ እየሳቅሁ አወራሁ። ፊቱ ከሳ ያለ መሆኑን፣ ያዘዘውን ሳምቡሳ ለእኔ ገፋ ማድረጉን አይቻለሁ፤ የጾም ብዛት ነው ብዬ አለፍኩት። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ሰው የተመኘውን ነገር ሲያገኝ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ከዚያ የግራ እግሩ አበጠ። ባቱ ተወጥሮ ቀላ፣ ሲነኩት ይሞቃል። ሰዓዳ ጫማው ነው አለች፣ እሱ ታክሲ ላይ መቀመጡ ነው አለ፣ የፋርማሲው ሰውዬ ግን አንድ ጊዜ አይቶት «አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ» አለው። መንዳት ስላልቻለ እኔ ወሰድኳቸው፣ እሱንና ናዲራን። እግሩን በአልትራሳውንድ ካዩት በኋላ አንድ ክፍል አስገቡን። እኔንም «ወንድሜ ነው» ብሎ አስገባኝ፤ ስሜንና ስሙን አይቶ ማን ያምናል፣ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሐኪሙ ቤንጃሚን የሚባል፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ትሑት ልጅ ነው። በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ሲል ጀማል እምቢ አለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የተናገርኩት እንግሊዝኛ ምን ሆኖ ነው?» አለ። የጀማል እንግሊዝኛ ግን የመንገድ እንግሊዝኛ ነው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው፣ አንተ ዕውር ነህ ወይ። ስለ ደም ሥር አንድም ቃል የለበትም። ናዲራ ታስተርጉም ተባለ። የናዲራ አማርኛ ደግሞ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው፤ ብላ፣ ጠጣ፣ ጨው አንሶታል።

ሐኪሙ ተናገረ። ናዲራ፣ «አባ፣ ሊስን። እግርህ ውስጥ ያለው ብለድ... ደም...» ብላ ቆመችና ስልኳን አውጥታ ቃሉን ፈለገች። አገኘችው። ፊቷ በደስታ በራ። «ደምህ ረግቷል!» አለችው።

ጀማል ዓይኑን ጨፈነ። «አልሐምዱሊላህ» አለና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ሲከፍተው ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን አለ?» አለ ሐኪሙ።

«አምላክን አመሰገነ» አለች ናዲራ በእንግሊዝኛ፣ እሷም ግራ እየገባት።

ሐኪሙ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ አደገኛ መሆኑን አስረጂው አላት። እሷም፣ «አባ፣ ዴንጀረስ ነው እያለህ ነው። ትሪትመንት ካላደረግህ ከእግርህ ተነስቶ ወደ ሳንባህ ይወጣል» አለችው።

«የቱ? የረጋው?»

«አዎ፣ የረጋው።»

«ይውጣ!» አለ ጀማል። «ይውጣ እንጂ! ጭንቅላቴስ ጋ ይደርሳል ወይ በይልኝ።»

ሐኪሙ ጥያቄው ሲነገረው፣ ሰውየውን ለማጽናናት ብሎ፣ አይ፣ የእግር ደም አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላት ጋ አይደርስም፣ ሳንባ ላይ ይቆማል አለ። ጀማል ቅር አለው። «ዋናው እዚያ ነበር» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሳቄ ፈንቅሎኝ ወጣ፤ ሐኪሙ ደንግጦ እኔንም መመርመር ያማረው ይመስለኛል። ራሴን ያዝ አድርጌ፣ «ጀማል፣ ይሄኛው መርጋት ሌላ ነው። ንዴትህ አይደለም የረጋው። ደሙ ራሱ ነው፤ እንደ እርጎ ረግቶ ደም ሥርህን ዘግቶታል» አልኩት።

«እርጎ ምን አለው?» አለ። «ከወተት አይሻልም?»

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየተቃና የሚሄድ ይመስላችኋል። ጀማልን አታውቁትም። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለት፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ፈረንጆቹ ደም ማቅጠኛ የሚሉት። ጀማል ይሄን ሲሰማ ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። እግሩ እንደታመመ ገብቶታል፣ ጅል አይደለም። ግን «ደሜን አርጋልኝ» ብሎ ለምኖ፣ ቃል በቃል «ረግቷል» ተብሎ፣ ያንን ተመልሶ የሚያፈርስ ኪኒን መዋጥ እንደ ውለታ ቢስነት ታየው። «የሰጠኝን ጌታ ውሰድብኝ ልበለው?» አለን፣ መኪና ውስጥ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። በፊት ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እኔም እጮህበት ነበር፣ ይለቅልን ነበር። በለሰለሰ ሰው ላይ ግን እንዴት ይጮሃል?

ሰዓዳ ማታውኑ ሐጂ አልአሚንን ጠራች። በዚህ ሁሉ ዘመን በጀማል ቁጣ ምክንያት የተጠሩት ሰውዬ፣ አሁን በመርጋቱ ምክንያት ተጠሩ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ በአንድ በኩል ጀማል ተቀመጠ፣ በሌላ በኩል፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ የኪኒኑ ፓኬት። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ መስለው ተራ በተራ አናገሩት። አንደኛው ሽማግሌ ፓኬቱን አንስተው እያገላበጡ፣ «እሷስ ምን ትላለች?» ሲሉ ናዲራ በውስጡ ያለውን ወረቀት በእንግሊዝኛ አነበበችላቸው፤ ከአፍንጫ መድማት ጀምሮ የሚያስከትለውን ጉዳት ሁሉ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷም ጠበኛ ናት» አሉ።

ሐጂ አልአሚን በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀማለዲን፣ አንተ የለመንከው ስለ ጠባይህ ነው ወይስ ስለ እግርህ?»

«ስለ ጠባዬ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው የእግሩን መልስ። የጠባዩን ያዝ። መድኃኒት ከዱዓ ጋር ጠብ የለውም፤ ውጥ!»

ዋጠ። ሁላችንም ተነስተን ፋቲሃ ተደረገ፤ እኔም በበኩሌ አማተብኩ። ሰዓዳ ዕርቅ የወረደ ይመስል ምግብ አቀረበች። ጀማል ግን ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ታጠበ፤ በጨዋታው መሃል ማንም ልብ አላለውም።

እውነተኛው ነገር የመጣው ለቀጠሮ ስንመለስ ነው። ቤንጃሚን ጥያቄ ይዞ ጠበቀን። በቅርቡ ቀዶ ጥገና ነበረህ? የለም። ረጅም በረራ? ዑምራ ነበረ፣ ግን ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ እሱ ሊሆን አይችልም አለ። ከቤተሰብ ደም የረጋበት አለ? የለም። ምግብስ? ጀማል ካፖርቱን ሰብሰብ ሲያደርግ ናዲራ መለሰች። «አይበላም። ሁልጊዜ ታየርድ ነው» አለች፣ ለሐኪሙም ለእኔም። ሌላ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ሲላት ደግሞ፣ ፈገግ ብላ፣ አባቷን በክንዷ አቅፋ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ድሮ ቁጡ ነበር። አሁን አይቆጣም» አለችው።

ሐኪሙ ፈገግታውን አልመለሰም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጀማል ጠጋ አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ። ደም የሚረጋባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሌላ በሽታ የለባቸውም። ግን ያለ ምንም ምክንያት ሲረጋ፣ ሰውየውም ከከሳና ከደከመ፣ ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ሊኖር ይችላል። ካንሰር ደምን የሚያረጋ ነገር ይረጫል፤ አንዳንዴ እሱ ገና ሳይታይ ደሙ ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ ሆድህን በሲቲ ስካን ቼክ እናድርግ አለ።

ናዲራ የአባቷን እጅ ያዘች። ቃሉን ለማስተርጎም ስልክ አላስፈለጋትም፤ ካንሰር በአማርኛም ካንሰር ነው። ጀማል እጇን መታ መታ አደረገና፣ «ሰምቻለሁ የእኔ ልጅ፣ አትድከሚ» አላት።

እኔን ግን የመታኝ ሌላው ነው። ያ ሁላችንም እልል ያልንለት ጸጥታ፣ ሰዓዳ የሳቀችበት፣ እኔ ለሰፈሩ ያወራሁት «እሺ»፣ ምናልባት በሽታው ነበር። ሰውየው የማይቆጣው አቅም አጥቶ ነበር። መጮህም ጉልበት ይፈልጋል።

ጀማልም ይሄው ገብቶታል፤ ለዚህ ነው ስካኑን እምቢ ያለው። ከታክሲው መሪ ተለይቶ የማያውቀው ሰው አሁን መኪናውን ሸጦ ሳሎን ተቀምጧል፤ ቀጠሮው ሲመጣ «ትንሽ ይቆይ» ይላል፤ ሆስፒታሉ ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ብቻውን ባገኘሁት ጊዜ ወረድኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ለምን አትታይም?» ብዬ እኔው ጮኽኩ፤ ጎረቤት ሰምቶ ጀማል ዳነ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

«ደግፌ» አለኝ፣ «ሰዓዳ ቁጭ ብላ ስታወራኝ አይተህ ታውቃለህ? አሁን ታወራኛለች። ልጄ እዚህ ሶፋ ላይ ተደግፋኝ ትተኛለች። ይሄ በሽታ ነው ካሉኝ፣ አድነው ያንን ሰውዬ ሊመልሱት ነው። እኔ እሱን አውቀዋለሁ። ከእሱ ጋር ማን ይኖራል?»

አለቀስኩ ብል አላፍርም። ሰዎች ሞትን ፈርተው ከሐኪም ሲሸሹ አይቻለሁ፤ መዳንን ፈርቶ የሚሸሽ ግን ጀማል የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እየሰቀልኩ ላቆያችሁ አልፈልግም፤ እኔ ራሴ እንደዚያ የሚያደርጉኝን አልወድም። ተገኝቷል። ካንሰሩ ኩላሊቱ ላይ ነበር፣ ገና አልተሰራጨም፤ ኩላሊቱን አወጡለት፣ ዛሬ በአንዱ ይኖራል። ክትትሉም አልቀረለትም፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። እግሩ ባያብጥ ኖሮ ማንም አይፈልገውም ነበር ብሏል ሐኪሙ። ይሄን ማወቅ ከፈለጋችሁ ይኸው ነው። እኔ መናገር የፈለግሁት ግን የስካኑን ቀን ነው።

ሰዓዳ ናት የወሰደችው። አልለመነችውም፣ ሽማግሌም አልጠራችም። ጠዋት ተነስታ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፣ ጫማውን አምጥታ አጠለቀችለት፣ እኔን ደውላ «መኪናህን አስነሳ» አለችኝ። ጀማል እሷን ላለማስቀየም ሲል ተከተለ። ሆስፒታሉ ድረስም ደህና መጣ። የስካኑ ክፍል በር ጋ ስንደርስ ግን፣ ሠራተኛዋ ስሙን ከጠራችው በኋላ፣ ተቀመጠ። አልነሳም አለ።

«ሰዓዳ» አላት። ሰው ይሰማኛል አላለም፤ ሰውም ቢሰማ አማርኛ የሚያውቅ የለም። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄኛው ጀማል ይሻልሻል ወይስ ያኛው?»

ናዲራ ወለሉን አየች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እጅ አስተጣጠብ የሚያሳይ ሥዕል በጣም በትኩረት ማንበብ ጀመርኩ።

«ይሄኛው» አለች ሰዓዳ። «ምን እዋሽሃለሁ። ይሄኛው ይሻለኛል። ደስ ብሎኝ ከርሟል።»

ጀማል ራሱን ነቀነቀ። አውቄዋለሁ እንደማለት።

«ግን አንተ ዑምራ የሄድክ ጊዜ ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ተኛሁ፣ ጠገብኩ። ኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች የሚጨቃጨቁበት ፕሮግራም ፈልጌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር የምተኛው። ናዲራ ምስክሬ ናት።»

«ዊርድ ነበር» አለች ናዲራ፣ ግራ የሚያጋባ ነበር ማለቷ ነው።

«አንተ እዚያ የምትለውን ስትል እኔም እዚህ ዱዓ አድርጌያለሁ» አለች ሰዓዳ። «መልስልኝ ነው ያልኩት። አርግተህ መልስልኝ አላልኩም።»

ጀማል ተነሳ። ሠራተኛዋ ብረት ነገር ያለበትን ሁሉ አውልቅ ብላ ድጋሚ ስትጠራው፣ ሰዓቱን ፈታና ለናዲራ ሰጣት። ቁልፉንና ስልኩን ለእኔ። ከዚያ ትንሽ ካመነታ በኋላ ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ ቀበቶውን ፈታ፤ ለሰዓዳ አቀበላትና ፊቱን ቶሎ አዞረ። ሱሪው እንዳይወልቅበት ሰብስቦ በአንድ እጁ ጨብጦ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ሰዓዳ ቀበቶውን ልትጠቀልለው ብላ ቆመች። አየሁት እኔም። ፋብሪካው የሠራቸው ቀዳዳዎች ካለቁበት በኋላ፣ በመቀስ ጫፍ ይሁን በምስማር፣ የተበሱ ሌሎች ቀዳዳዎች አሉት። አንደኛው ያረጀ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ፣ እየተጠጋጉ፣ እስከ መሃሉ ድረስ። ካፖርቱን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቀው ብርድ መስሎን ነበር። እኛ ስናጨበጭብለት እሱ እየከሳ መሆኑን ከማናችንም ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ደስታዋ እንዳይደፈርስ ቁጭ ብሎ ቀበቶ ይበሳ ነበር።

ድምጿ ከወንበሯ አልፎ የማያውቀው ሰዓዳ ተነስታ በሩን በሁለት መዳፏ መታችው። «አንተ ጀማል!» ብላ ጮኸች። «ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው? ከእኔ ነው የምትደብቀው? ከእኔ? ቆይ ብቻ ውጣ፣ ቤታችን ስንገባ!» ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች፣ ናዲራ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት፣ እኔ ነርሷን በእጄ ተዪያት አልኳት። ሰዓዳ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ከዚያ ተቀመጠችና፣ ቀበቶውን እጇ ላይ ጠምጥማ፣ እስኪወጣ ጠበቀችው።